ተደራራቢ ሕመም ላለበት ታካሚ የጥርስ ሐኪም መሆን፦ ጅማ ላይ ሆኖ መንገድ አመራረጥ

አምስተኛ ዓመት የደረሰ የጥርስ ሕክምና ተማሪ «ምን ልትሆን ነው?» ሲባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሲሎፌሻል (የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና) ወይም ኦርቶ (ጥርስ ማስተካከል) ነው። የልብ ቫልቭ የተቀየረላት እናት፣ እጥበት ላይ ያለ የኩላሊት ታካሚ፣ ስኳሩ አልረጋ ያለ ገበሬ ጥርሱን ሲያመው ማን ያክመዋል የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል። ታካሚዎቹ ግን መምጣታቸውን አያቆሙም። ከግል ክሊኒክ «ሆስፒታል ሂድ»፣ ከጤና ጣቢያ «ጅማ ሂድ» ተብለው፣ አንዳንዴም ፊታቸው አብጦ ሦስት በር ካንኳኩ በኋላ ይደርሳሉ። ይህ መመሪያ እነዚህን ሰዎች ማከም የዕለት ሥራው እንዲሆን ለሚያስብ ተማሪ፣ ኢንተርንና አዲስ ተመራቂ የተጻፈ ነው።

ስሙን ሳይሆን ሥራውን ፈልጉ

ሥራው በየአገሩ ስሙ ይለያያል። እንግሊዝ «ስፔሻል ኬር ዴንቲስትሪ» ብላ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርጋዋለች። አውስትራሊያ «ስፔሻል ኒድስ ዴንቲስትሪ» ትለዋለች። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የታወቀ ስፔሻሊቲ የለም፤ ሥራው በሆስፒታል ጀነራል ፕራክቲስ ሬዚደንሲ፣ በኦራል ሜዲስን (የአፍ ውስጥ ሕመሞች ሕክምና) እና በልጆች ጥርስ ሕክምና መካከል ተበታትኗል። ስለዚህ የሬዚደንሲ ማስታወቂያ ላይ አንድ ስም እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። ይልቅ ቀኑን ከየትኛው ታካሚ ጋር፣ ምን እየሠራ ማሳለፍ እንደሚፈልግ ይወቅ፤ ስሙ በኋላ ይገኛል።

ታካሚው «ተደራራቢ ሕመም ያለበት» የሚባለው መቼ ነው? ቀላሉ መለኪያ ኤኤስኤ የሚባለው የማደንዘዣ ሐኪሞች ምደባ ነው። 3 ማለት ከባድ የውስጥ ሕመም ያለበት ሰው ነው፤ ለምሳሌ ስኳሩ በደንብ ያልተያዘ ወይም በመደበኛ እጥበት ላይ ያለ። 4 ደግሞ ሕመሙ በማንኛውም ሰዓት ሕይወቱን ሊያሳጣው የሚችል፣ ለምሳሌ የልቡ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶ ሃርት አታክ ከመታው ገና ሦስት ወር ያልሞላው። ከ3 ጀምሮ ያለው የናንተ ታካሚ ነው ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ግን ሁሉንም አይናገርም። ልቡም ኩላሊቱም ደህና ሆኖ፣ በአውቲዝም ምክንያት የሰው እጅ ወደ አፉ ሲጠጋ የሚጮህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በምደባው ትንሽ ቁጥር ያገኛል፤ በወንበሩ ላይ ግን ከብዙ የልብ ታካሚ ይልቅ ጊዜና ብልሃት ይወስዳል።

ጅማ ለዚህ ሥራ መማሪያ ምቹ ናት፤ ምክንያቱ ደግሞ የታካሚው ዓይነት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከኢሉባቦር፣ ከጎጀብ ማዶ ከከፋ፣ ከዳውሮና ከቤንች የሚመጣውን ሪፈር ሁሉ ይቀበላል። የውስጥ ደዌ፣ የልጆች፣ የማኅፀንና ጽንስ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ዘጠና በመቶው ታካሚ ወጣትና ጤነኛ በሆነበት የግል ክሊኒክ ይህን ሙያ መማር አይቻልም፤ እዚህ ግን ከጥርስ ክፍል ወጥቶ ኮሪደር መሻገር ይበቃል።

የ30 ታካሚ ደብተር

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ወር ስጡት። አንድ ደብተር ያዙና 30 ተደራራቢ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎችን መዝግቡ። ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር አይጻፍ፤ ተራ ቁጥር ይበቃል። ለያንዳንዱ አንድ ገጽ ስጡና እነዚህን ጻፉበት፦ ሕመሙንና የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ከነመጠኑ፤ የዛሬውን ቁጥር (ግፊት፣ የልብ ምት፣ ስኳር፣ ካስፈለገ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው አይኤንአር ወይም ደም የሚያረጋው ሕዋስ ማለትም የፕላትሌት ቁጥር)፤ በሕመሙ ምክንያት ከተለመደው አሠራር ምን እንደተቀየረ፤ ከማን ጋር እንደተማከራችሁ፤ በማግስቱ ምን እንደሆነ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ተዉ፦ ከዚህ ታካሚ ጋር ካሳለፋችሁት ጊዜ ደስ ያላችሁ የትኛው ነበር?

ሠላሳው ሲሞላ ያቺን የመጨረሻ መስመር ብቻ እያገላበጣችሁ አንብቡ። ደስታው በተደጋጋሚ ቁስሉ ምን እንደሆነ ማወቁ ላይ ከሆነ፣ ማለትም ይህ ነጭ ነገር ፈንገስ ነው ወይስ ላይከን ፕላነስ የሚባለው የቆዳና የአፍ ሕመም፣ ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና) ይወሰድ ወይስ ይጠበቅ የሚለው ከሆነ፣ ዝንባሌያችሁ ወደ ኦራል ሜዲስን ነው። እብጠቱ ተከፍቶ መግል ሲወጣ፣ የተሰበረው መንጋጋ ሲገጥም ከሆነ ማክሲሎፌሻል ነው። ፈርቶ የመጣ ልጅ አፉን የከፈተበት ደቂቃ ከሆነ የልጆች ጥርስ ሕክምና። ደስታው ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የምትወስድ ሴት ሁለት ጥርስ ተነቅሎላት ሳትደማ ወደ ቤቷ መሄዷ ከሆነ ግን ሥራችሁ የሆስፒታል ጠቅላላ የጥርስ ሕክምና ነው። ስለዚህኛው የሚወራው ጥቂት ስለሆነ ከታች ሰፋ ተደርጎ ቀርቧል።

ደብተሩ የሚከሽፈው በአብዛኛው ታካሚው ከሄደ በኋላ «በኋላ እጽፈዋለሁ» ሲባል ነው። ማታ የሚጻፈው የሚታወሰው ነገር ነው፤ የዛሬው ግፊት 158/96 ነበር ወይስ 168/98 አይታወስም። ወንበሩ ሳይጸዳ ጻፉት።

መንገዶቹ፣ አንድ በአንድ

ማክሲሎፌሻል ሰርጀሪ አገር ውስጥ ሬዚደንሲ ያለው፣ በጣም የሚታይና የሚከበር መንገድ ነው። ስኳር ያለበት ሰው የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ወርዶ ምላሱን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ማለትም ሉድዊግስ አንጃይና ሲሆን፣ ነፍሱን የሚያተርፉት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ቀናቸውን የሚሞላው በባጃጅና በሞተር አደጋ መንጋጋቸው የተሰበረ ወጣቶች፣ ዕጢና የከንፈር መሰንጠቅ ነው። መድኃኒት ማመጣጠን ወድዶ ቢላዋ የማይወድ ሰው ሌላ ሬዚደንሲ አጠገቡ ስላላየ ብቻ ይህን ሲመርጥ ይታያል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ይጸጸታል። ምርጫው ከመደረጉ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተረኛ ከሆነ ሬዚደንት ጋር ሌሊቱን ጭምር ማደር ጥሩ መድኃኒት ነው።

ኦራል ሜዲስን የእስክሪብቶና የማይክሮስኮፕ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ስፔሻሊቲ የሆነው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የአፍ ቁስል፣ ደረቅ አፍ፣ የኤችአይቪ የአፍ ምልክቶች፣ ፔምፊገስ የሚባለው ቆዳና አፍ የሚያቆስል ሕመም፣ የካንሰር ሕክምና በአፍ ላይ የሚያመጣው ጉዳት የዕለት እንጀራው ናቸው። ከቆዳ ሐኪምና ከፓቶሎጂስት ጋር ጓደኝነት የሌለው ሰው እዚህ አይዘልቅም።

የልጆች ጥርስ ሕክምና ከልብ ሕመም፣ ከሴሬብራል ፓልሲና ከዳውን ሲንድሮም ጋር የሚኖሩ ልጆችን በሙሉ ማደንዘዣ ጭምር ያክማል። የጥርስ ማደንዘዣ ሕክምና በአሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ስፔሻሊቲ ሆኗል፤ ወንበር ላይ ረግተው መቀመጥ ለማይችሉ ታካሚዎች በር ይከፍታል፤ እኛ ጋ ግን ይህ ሥራ በአኔስቴዢያ ባለሙያዎች እጅ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ደግሞ ወንበሩን ትቶ ፕሮግራም ማቀድ ለሚፈልግ ነው። ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርቷ በምትታወቀው በጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲቢቲፒና ቲቲፒ በሚባሉት ተማሪዎች ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው በሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ላይ በቁም ነገር የሠራ ተማሪ ለዚህኛው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የቀረው የሆስፒታል ጠቅላላ ጥርስ ሐኪም ነው። ተጨማሪ ዲግሪ ሳይጠብቅ፣ የሙያ ፈቃዱን ይዞ፣ በሪፈራል ሆስፒታል ተቀጥሮ፣ ሌላው የሚፈራውን ታካሚ የሚቀበል ሰው። ክብሩ በወረቀት አይመጣም፤ የውስጥ ደዌ ሲኒየሮች «ይህን ለእሷ ላኩት» ማለት ሲጀምሩ ነው የሚመጣው። ይህን መንገድ ለመያዝ የሚከተለውን መቻል ግድ ነው።

ካርዱን ማንበብ፦ ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። የ42 ዓመት ሴት፣ ከቦንጋ አካባቢ፣ ሁለት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶቿ በስብሰው ያማታል። ታሪክ ሲወሰድ እንዲህ ይሆናል፦

«እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም ልጄ።»

«ክትትል አለዎት? ካርድዎ ላይ የልብ ይላል።»

«እሱማ ልቤ ተቀዶ አይደል። ያቺን ደም ማቅጠኛ ማታ ማታ እውጣለሁ፤ እሷ መድኃኒት ናት እንዴ?»

ብዙ ሰው «መድኃኒት» ሲባል ለዛሬው ሕመም የተሰጠውን ብቻ ያስባል። ስለዚህ ጥያቄው ይቀየር፦ «በየቀኑ የሚውጡት ነገር አለ? በየወሩ የሚወጉት መርፌ አለ? ደብተር ይዘው የሚሄዱበት ክትትል አለ?» መርፌ ሲባልም የትኛው እንደሆነ ይጣራ፤ አንዲት ወጣት «መርፌ አለኝ» ስትል የሩማቲክ ልብ የወር ፔኒሲሊን ሊሆን ይችላል፣ የወሊድ መከላከያም ሊሆን ይችላል። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆኑ «ቆሪቻ» (መድኃኒት) ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ «ቆሪቻ ኣዳ» ስለሚባለው የባህል መድኃኒትም ይጠየቃል። አፋን ኦሮሞ የማይችል ሰው ጅማ ላይ ይህን ሙያ በአስተርጓሚ እሠራለሁ ቢል ግማሹ ታሪክ በመንገድ ይቀራል፤ ቋንቋውን መማር እንደ ማደንዘዣ አወጋግ የሙያው አካል ነው።

አሁን ውሳኔው። የሴትየዋ ቀዶ ሕክምና ማይትራል የሚባለውን የልብ ቫልቭ በሰው ሠራሽ የተካ ነበር እንበል። ሰው ሠራሽ ማይትራል ቫልቭ ላለበት ሰው የሚፈለገው አይኤንአር ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ተራ ጥርስ መንቀል አይኤንአር ከ4 በታች እስከሆነ ድረስ ዋርፋሪን ሳይቆም ይሠራል። የተለመደው ስሕተት «ለአምስት ቀን አቁሚና ነይ» ማለት ነው። ከጥርስ ጉድጓድ የሚወጣ ደም ይታያል፣ በጣት ይጫናል፣ ይሰፋል። በቫልቭ ላይ የሚረጋው ደም ግን አይታይም፣ በጣትም አይደረስበትም። ከሁለቱ አደጋዎች የቱ እንደሚመረጥ ግልጽ ነው።

አይኤንአሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የተለካ ይሁን፤ ለረጅም ጊዜ የተረጋጋ ከሆነ እስከ 72 ሰዓት ይቻላል። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ አይኤንአርን ያወርደዋል፤ ጾሙ ሲፈታና አመጋገቡ ሲቀየር ደግሞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የባለፈው ወር ቁጥር ላይ ተማምኖ መርፌ ማንሳት አይገባም።

ቀጥሎ ለልብ ክፍል የሚጻፈው ምክክር አለ። «ክሊር ይደረግልን» የሚል ወረቀት ክፉኛ የተለመደ ነው፤ የሚመልሰው ሐኪም ሥራው ምን ያህል እንደሚያደማ ስለማያውቅ ራሱን ለመጠበቅ «ዋርፋሪን ይቁም» ብሎ ይመልሳል። በምትኩ ይህን የመሰለ ይዘት ይኑረው፦ በሎካል ማደንዘዣ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ ይነቀላል፤ ይሰፋል፤ የሚጠበቀው የደም መፍሰስ በግፊት የሚቆም ነው፤ የዛሬ አይኤንአር 2.9፤ ዋርፋሪኑን ለማቆም አላሰብንም፤ ከሥራው በፊት አሞክሲሲሊን 2 ግራም በአፍ ልንሰጥ ነው፤ ይህን እንድንቀይር የሚያደርግ ነገር አለ? እንዲህ ሲጠየቅ መልሱ በአንድ መስመር ይመጣል።

ስለ አንቲባዮቲኩ፦ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለበት፣ ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይተስ (የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን) የያዘው፣ አንዳንድ በተፈጥሮ የሚመጡ የልብ ሕመሞች ያሉበት ሰው ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አሞክሲሲሊን 2 ግራም ይወስዳል፤ ለልጅ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም። ፔኒሲሊን የማይስማማው አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም። ክሊንዳማይሲን ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የልብ ማኅበር አይመከርም፤ የቆዩ ማስታወሻዎች ላይ ግን አሁንም አለ። የወር ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው በአፉ ያሉት ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ሊለምዱት ስለሚችሉ ከሌላ ዘር መድኃኒት ይመረጥለታል። ቫልቩ ያልተቀየረ ሩማቲክ የልብ ሕመም ብቻውን በዚያ ማኅበር ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እዚህ አገር ሕመሙ ብዙ ስለሆነ ግን ከልብ ክፍሉ ጋር አንድ የተጻፈ አቋም ላይ መድረስ ይሻላል። ሁለት ሐኪም ለአንድ ታካሚ ሁለት ነገር ሲነግር ታካሚው ሁለቱንም ይተዋል።

ሥራው ራሱ ጠዋት፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ ይቀጠር፤ ደሙ ዳግም ቢመጣ ሰው ባለበት ሰዓት እንዲሆን። ጥርሱ በቀስታ ይወጣል፤ ጉድጓዱ ይጸዳል፤ ካለ ሰርጂሴል (ደም የሚያቆም ጨርቅ) ይገባል፤ ይሰፋል። የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው የትራኔክሳሚክ አሲድ ማጉመጥመጫ ተዘጋጅቶ ባይገኝ ከአምፑል ይሠራል፦ 500 ሚሊ ግራም በ5 ሚ.ሊ. የያዘ አምፑል 10 በመቶ ነው፤ በ5 ሚ.ሊ. ንጹሕ ውሃ ሲቀጥን 10 ሚ.ሊ. ባለ 5 በመቶ ይሆናል። ጋዙ በዚሁ ተነክሮ ለ30 ደቂቃ ይነከሳል። ከዚያ በቀን አራት ጊዜ ለሁለት ቀን 10 ሚ.ሊ. አፍ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይዞ መትፋት ነው። ደሙ መቆሙን ሳያዩ ወደ መነኸሪያ መላክ የለም፤ ቦንጋም ሆነ ሚዛን የምትሄድ ሴት ያን ሌሊት ጅማ ትደር። መንገድ ላይ ደም የሞላ አፍ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይበቃል።

በመጨረሻ የሐኪም ማዘዣ። ከጥርስ ክፍል የሚወጣ ማዘዣ ላይ አሞክሲሲሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ዳይክሎፌናክ ሦስቱ እንደ ልማድ ይጻፋሉ። ለዚህች ሴት ሦስቱ አንድ ላይ አደጋ ናቸው። ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን መወገድ ስለሚከለክል አይኤንአርን ያንረዋል፤ ደሙም ጥርሱ በተነቀለ ቀን ሳይሆን በአራተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ይመጣል፤ ማንም ከማዘዣው ጋር አያገናኘውም። ዳይክሎፌናክ በጨጓራ በኩል ያደማታል። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጡት ፍሉኮናዞልና ማይኮናዞል ጄልም እንደ ሜትሮኒዳዞል ናቸው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በቂ ነው።

ጅማ ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ሌሎች ጉዳዮች

ጫት። «ዛሬ ቅመዋል?» የሚለው ጥያቄ ሳይፈረድ፣ ልክ «ቁርስ በልተዋል?» እንደማለት ይጠየቅ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ሲጨመርበት ይባስ ይሆናል። መቃም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የግፊት ታካሚን ከጠዋቱ 3 ሰዓት መቅጠር ግማሹን ችግር ያስወግዳል። ግፊት 180/110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አምስት ደቂቃ አሳርፎ እንደገና መለካት፤ ካልወረደ አጣዳፊ ያልሆነ ሥራ አይጀመርም። የግፊት መድኃኒቱን ኒፊዲፒን ምላስ ሥር አድርጎ ቁጥሩን በግድ ማውረድ አይገባም፤ ድንገት የወረደ ግፊት አንጎልን ደም ያሳጣል።

ከባድ የልብ ሕመም ላለበት ሰው በአንድ ቀጠሮ የአድሬናሊን ጣሪያ 40 ማይክሮ ግራም ነው። ሒሳቡን በቃል ያዙት፦ 1 ለ100,000 ማለት በሚ.ሊ. 10 ማይክሮ ግራም፤ 1.8 ሚ.ሊ. ካርትሪጅ 18 ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለት ካርትሪጅ። 1 ለ80,000 ከሆነ አንዱ 22.5 ይይዛል፤ ሁለት ከሞላ ጣሪያው ያልፋል። ከመውጋት በፊት ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ደም አለመኖሩን ማየት ሁልጊዜ ነው። በሌላ በኩል አድሬናሊን ፈርቶ ያልደነዘዘ ጥርስ መንቀልም ስሕተት ነው፤ ታካሚው ከሕመሙ የተነሳ ራሱ የሚያመነጨው አድሬናሊን ከካርትሪጁ ይበልጣል።

ስኳር። ቀጠሮው ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ፣ መድኃኒት ተወስዶ ነው። ብዙ ሰው «ሕክምና ነው» ብሎ ሳይበላ ኢንሱሊኑን ብቻ ወግቶ ይመጣል። በረመዳን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጿሚ መሆኑን ጠይቁ፣ አጣዳፊ ያልሆነውን ከወሩ በኋላ አድርጉት፣ አጣዳፊውን ከክትትል ሐኪሙ ጋር ተማከሩበት። ከሥራው በፊት በግሉኮሜትር ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ አትጀምሩ፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በደም ሥር ግሉኮስ ነው።

እጥበት ላይ ያለ ታካሚ በእጥበቱ ማግስት ይቀጠራል፤ በእጥበቱ ጊዜ የተሰጠው ደም ማቅጠኛ ሄፓሪን ወጥቷል፣ ደሙም ታጥቧል። ፊስቱላ (ለእጥበቱ ተብሎ የተገናኘ የደም ሥር) ባለበት እጅ ግፊት አይለካም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለኩላሊቱ ጠላት ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ጥርሱን ከሸፈነ ፌኒቶይን ይጠርጠር፤ የግፊት መድኃኒቶቹ አምሎዲፒንና ኒፊዲፒንም ይህንኑ ያደርጋሉ። ወደ አንገትና መንጋጋ ጨረር ሊወስድ የተቃረበ ሰው መነቀል ያለበት ጥርሱ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ይነቀል፤ ከጨረር በኋላ የተነቀለበት አጥንት ላይሽር ይችላል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ፕላትሌቱ 50,000 ካልደረሰ ጥርስ አይነቀልለትም።

ራሳችሁንና ወንበሩን ማዘጋጀት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስቱ ዙር በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ይጠናቀቅ፤ ከመጨረሻው ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ የመከላከያ መጠኑ 10 መድረሱ በደም ይረጋገጥ። ብዙ ተማሪ ሁለተኛውን ወስዶ ሦስተኛውን ይረሳል። መርፌ ከወጋችሁ የኤችአይቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ፣ ቢበዛ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ የት እንደሚሰጥና ማታ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ከመወጋታችሁ በፊት እወቁ።

ወንበሩ አጠገብ የሚያስፈልገው ውድ አይደለም፦ የግፊት መለኪያ ከሰፊ ማሰሪያ ጋር፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ግሉኮሜትር፣ ኦክስጅን፣ አድሬናሊን አምፑል (ለአናፊላክሲስ ማለትም ለከባድ አለርጂ 0.5 ሚ.ሊ. ከ1 ለ1000፣ በጭን ጡንቻ)፣ ሳልቡታሞል ፓፍ፣ አስፒሪን 300 ሚሊ ግራም፣ 40 በመቶ ግሉኮስ። የሚጎድለው ዕቃው ሳይሆን ቼክ የሚያደርገው ሰው ነው። በየወሩ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰው በስሙ ተፈራርሞ ጊዜ ያለፈበትን ይለይ፤ የኦክስጅኑ ሲሊንደር ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሆን።

ከጥርስ ክፍል ውጭ የምትቆዩባቸውን ሳምንታት ራሳችሁ ጠይቁ፦ ሁለት ሳምንት የልብ ክትትል፣ አንድ ሳምንት የስኳር፣ አንድ ሳምንት ኦፕሬሽን ክፍል ከአኔስቴዢያ ጋር። በውስጥ ደዌ ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ላይ መቀመጥም ነጻ ነው። የጥርስ ሰው እዚያ ሲገኝ በመጀመሪያ ይገረማሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት «ይህን አፉን እይልን» ማለት ይጀምራሉ።

ወደ ውጭ ለሚያስቡ

እንግሊዝ ለመሥራት ኦአርኢ የሚባለው ባለ ሁለት ክፍል ፈተና አለ፤ የስፔሻል ኬር ሥልጠናው ከዚያ በኋላ በውድድር የሚገኝ የሦስት ዓመት ቦታ ነው። አውስትራሊያም ሦስት ዓመት ነው። ለአሜሪካ አይኤንቢዲኢ ዋናው ፈተና ነው። የሆስፒታሉ ጀነራል ፕራክቲስ ሬዚደንሲ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሲሆን አንዳንድ ፕሮግራሞች ውጭ የተማረ ሰው ይቀበላሉ። ልብ ይባል፦ ሬዚደንሲ መጨረስ ብቻውን በአብዛኛው ግዛት የመሥራት ፈቃድ አያስገኝም፤ ብዙዎች እዚያው የተገኘ የጥርስ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ይህን ሳያጣሩ የሄዱ ሰዎች ከምስክር ወረቀት በኋላ ሌላ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ይገባሉ። የግዛቱን ደንብ ከማመልከቻው በፊት አንብቡ። ያ የ30 ታካሚ ደብተር ደግሞ በቃለ መጠይቅ ላይ ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ በላይ የሚያናግር ነገር ነው።

ገንዘቡና የመጀመሪያው ዓመት

በግል ክሊኒክ ክፍያ በሥራ ቁጥር ነው፤ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ መንቀል ለእነዚህ ታካሚዎች አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ክፍያው ግን ያው ነው። ቶሎ ሀብት ለሚፈልግ ይህ መንገድ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መናገር ይሻላል። ብዙዎች ጠዋት ሆስፒታል፣ ማታ ግል እየሠሩ ያመጣጥኑታል።

የራሳችሁን ክሊኒክ ቀን ስትጀምሩ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ብቻ፣ ማክሰኞ ጠዋት እንበል፣ ለአራት ታካሚ ያዙ። ስምንት መቅጠር ፈታኝ ነው፤ አንዱ አይኤንአሩ 4.6 ሆኖ ሲመጣ፣ ሌላው ሳይበላ ሲመጣ ቀኑ ይፈርሳል። ታካሚዎቹ ወደ ልብና ስኳር ክትትል የሚመጡበትን ቀን አውቃችሁ ከዚያው ጋር አገጣጥሙት፤ ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመላለስ ሰው ለጥርስ ብቻ ሌላ ቀን አይመጣም። በማግስቱ ጠዋት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሌሊት ትራሱ ላይ ደም ነበር? መድኃኒትዎን እንደወትሮው ወሰዱ? ሌላ ቦታ ሄደው የተሰጠዎት ክኒን አለ? ሦስተኛውን «አዎ» ካሉ የክኒኑን ስም ከማሸጊያው ላይ ፊደል በፊደል እንዲያነቡላችሁ፣ ማንበብ ካልቻሉም ቤት ያለ ልጅ እንዲያነብላችሁ አድርጉ።